«እማዬ ጠፋች»፦ ከድሬ እስከ ቁልቢ፣ የአንድ ድንኳን ማስታወሻ

ኅዳር 12

ለቁልቢ ገብርኤል አንድ ወር ከሳምንት ቀረው። ዛሬ አራታችን ቢሮ ተሰብስበን ወሰንን። ታኅሣሥ 19 በሕዝቡ መሀል ለሚጠፉ ልጆች የራሳችንን ድንኳን እንተክላለን። ቢሮ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የመዝገብ ሳጥን፣ ካልመቱት የማይዞር ቬንትሌተር። የጠፉ ልጆችን የምናፈላልግበት ድርጅት መሪ እኔ ነኝ። መሪነቱ በአብዛኛው ስልክ ማንሳት፣ ደብዳቤ ይዞ መዞርና ቬንትሌተሩን መምታት ነው።

ድንኳኑን ያመጣው የሐምሌው ጥፋታችን ነው። ሐምሌ 19 ቁልቢ የወጣነው ጃንጥላና ሜጋፎን ብቻ ይዘን ነበር። አንድ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ አመጡልን። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች። «አክስቱ ነኝ» አለች። ልጁም ሮጦ ቀሚሷን ያዘ። ደስ አለን፣ አጨበጨብን፣ ሰጠናት። እውነትም አክስቱ ነበረች። ግን የመጣችው ከእናትየው ጋር ሳይሆን በሌላ መኪና ነው። ስልኳ ባትሪ ጨርሷል። እህቷን ትንሽ ፈልጋ ስታጣት ልጁን ይዛ ድሬ ወረደች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ እናትየው መጣች። ደብተሩን ገለጥኩ። «ወንድ፣ 4 ዓመት፣ ቀይ ሹራብ፣ አክስቱ ወስዳዋለች» ይላል። «የትኛዋ አክስቱ?» አለችኝ። ስም የለም፣ ስልክ የለም፣ የት እንደሄደች የለም። ልጁ ድሬ ሙቀት ውስጥ ተኝቶ፣ እናቱ ቁልቢ ብርድ ላይ ስትጮህ አደረች። እኛም አብረናት። የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ልጁ እኮ ተገኝቶ ነበር። የጠፋው ወሬው ነው።

ኅዳር 14

ደብዳቤ። ከድሬዳዋ አስተዳደር ያወጣነው የትብብር ደብዳቤ ቁልቢ ላይ አይሠራም። ቁልቢ ሜታ ወረዳ ነው፣ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ኦሮሚያ። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ብቻ ሳይሆን ሌላ ማኅተም ነው። ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ እንደገና ተጻፈ። አንድ ቢሮ «ሰኞ ተመለሺ» አሉኝ። የደንገጎን ዳገት ሽቅብ ቁልቁል ስል ጆሮዬ ተደፈነ።

ኅዳር 17

ሒሳብ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ሕጉ ክፉ አይደለም። ለተጎዳ በተሰበሰበ ገንዘብ ቢሮ ሲያሳምሩበት ያየ ሰው ይገባዋል። ግን ሒሳብ ሠራተኛችን የሜጋፎኑን ባትሪ የት ላስገባው ብላ ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። ልጅ ከተጠራበት የፕሮግራም ነው አልኩ። ስብሰባ ላይም ተጠቅመንበታል አለች። እሷ አሸነፈች።

መጋላ ያሉ አንድ ነጋዴ ብርድ ልብስ ሰጡን። «ስሜን እንዳትጽፉ» ብለዋል፤ አልጻፍኩም።

ኅዳር 20

የአምባር ሰሞን። መጀመሪያ ያሰብነው ቀላል ነገር ነው፤ የወላጁን ስልክ በስክሪብቶ ልጁ ክንድ ላይ መጻፍ። ድሬ ላይ ይህ ሐሳብ ሩብ ሰዓትም አይቆይ። የባጃጅ ሹፌራችን ልጅ ክንድ ላይ ጻፍን። ግቢ ውስጥ ኳስ ሲያባርር ቆይቶ ሲመለስ ቁጥሩ ሰማያዊ ጭቃ ሆኗል። 0 እና 9 ብቻ ቀርተዋል። እሱማ የስንቱ ሰው ስልክ መጀመሪያ ነው።

ቀጥሎ ሆስፒታል የሚያስሩትን ዓይነት የላስቲክ አምባር ሞከርን። ልጁ በጥርሱ በጠሰው።

ሦስተኛው ሠራ። ቀፊራ ገበያ ገብተን ሁለት ጣት የሚሆን ነጭ የጥጥ ሪባን ገዛን። ጥቁር ማርከር። እዚያው በረንዳ ላይ የሚሰፉ አንድ አባት በእግር መኪናቸው ጫፉን አጠፉልን። «ለምንድን ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። ዋጋ አልጠየቁም፤ «ለልጅ ከሆነ ተይው» አሉ። ሪባኑን ሦስት ቀን በሳሙና ስናጥበው ሰነበትን። ማርከሩ ወደ ቡና ዓይነት ሄደ እንጂ አልጠፋም።

ስም አንጽፍበትም። ይህ ላይ ብዙ ተከራከርን። ወላጆች ስም ሲጻፍ ደስ ይላቸዋል። ግን ማንም መንገደኛ ስሙን አንብቦ «ና፣ እናትህ ልካኝ ነው» ቢለው ልጅ ያምናል። ስሜን ካወቀ የእኛ ሰው ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ስልክ ብቻ፣ እሱም ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሮ። ሁለት ቁጥር እንጽፋለን፤ አንዱ አብሮት የመጣው ሰው፣ ሌላው ቤት የቀረ ሰው። ቁልቢ ላይ ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ኪስ ይገባል። ቤት የቀረችው አያት ግን ስልኳን ሶኬት ላይ ሰክታ ትጠብቃለች።

ኅዳር 23

ሳቢያን አንድ መዋለ ሕፃናት ሄድን። አንዷን ጠየቅኳት።

«እናትሽ ማን ትባላለች?»

«እማዬ።»

«አባትሽስ ምን ብሎ ነው የሚጠራት?»

አሰበች። «‹አንቺ›» አለችኝ።

መምህሯ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ ግን ጻፍኩት። ጎረቤት ደግሞ እናትን በልጇ ስም ነው የሚጠራት፤ የሚሚ እናት፣ የባቢ እናት። ዞሮ ዞሮ መልሱ ልጅቷ ራሷ ጋ ይመለሳል። ሌላም አለ። ፖሊስ ጋ የሚመዘገበው ስም ልጁ ቤት የሚጠራበት አይደለም። ቤት ውስጥ ማሙሽ ሲባል ያደገ ልጅ በልደት ካርዱ ስም ቢጠራ ዞር ብሎም አያይ። ስለዚህ መዝገባችን አሁን ሦስት የስም መስመር አለው፦ የካርድ፣ የቤት፣ የሰፈር።

ልጅ «ጠፋሁ» አይልም፤ ይህን ከሥራው ነው የተማርኩት። «እማዬ ጠፋች» ነው የሚለው። ከእሱ በኩል እሱ ያለበት ቦታ አለ፤ የሄደችው እሷ ናት። ልክ ነው እኮ። ታዲያ ሊፈልጋት ይነሣል። እሷ ወደዚህ፣ እሱ ወደዚያ። እኛ የምናስተምረው የመጀመሪያ ነገር «ባለህበት ቁም» የሚለው ነው። እናት ወዳለፈችበት ተመልሳ ትመጣለችና።

ሁለተኛው አከራካሪ ነው። ወላጆች ሁሉ «ከማታውቀው ሰው ጋር አታውራ» ይላሉ። እኔም ተብዬ ነው ያደግኩት። ችግሩ፣ የጠፋ ልጅ ዙሪያውን ያለው ሁሉ የማያውቀው ሰው ነው። ቃሉን ካከበረ አፉን ዘግቶ ያለቅሳል፣ ወይም ጭራሽ ይደበቃል። እኛ አሁን የምንለው «ልጅ የያዘች እናት ፈልግ፤ ለእሷ ንገራት፤ ግን ከቆምክበት ይዛህ እንዳትሄድ» ነው። አንዲት እናት «ይህማ ልጄን ደፋር ታደርጉብኛላችሁ» አለችኝ። እንደዚያ ከሆነማ ተሳካልን።

ስልክ ቁጥር በዜማ ነው የምናስጠናው። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በሳምንት ይይዘዋል። አንዱ ታምቡር እየመታ የአባቱን ቁጥር ለመላው ክፍል አሰማ። አባትየው ነገ ሠላሳ ሕፃን ይደውልለታል።

ኅዳር 27

ዛሬ ቁልቢን ረስቼ ዋልኩ።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት እናት ከነምበር ዋን ሰፈር መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ልጄ ጠፋብኝ።» ዕድሜው 15 ነው። ትናንት ምሳ በልቶ ወጣ። ፖሊስ 24 ሰዓት ሳይሞላ አይቀበልም ብለው ጎረቤቶች ነግረዋት ሌሊቱን ቁጭ ብላ አድራለች። ይህን ወሬ ማን እንደሚያዛምተው አላውቅም። እኛ ወዲያው ነው የምናስመዘግበው፤ ዛሬም በ3 ሰዓት ጣቢያ ነበርን።

መንገድ ላይ ጠየቅኳት። ልብስ ጎድሏል ወይ? አንድ ሱሪ። ጫማ? ለበዓል የተገዛለት አዲሱ ስኒከር የለም።

«ቻርጀሩስ?»

ዝም አለች። ባጃጁ ለገሃሬን እስኪያልፍ ሁለታችንም አልተናገርንም።

«እሱንም ይዟል» አለች።

ቻርጀር ይዞ የጠፋ ልጅ አልጠፋም፤ ሄዷል። ከድሬ መልካ ጀብዱን ካለፈ መንገዱ ደወሌ ነው፣ ከዚያ ጅቡቲ። ከጅቡቲ ኦቦክ፣ ከኦቦክ ጀልባ፣ ከባሕሩ ወዲያ የመን፣ ካለፈለት ሳዑዲ። ሰፈሩ ሁሉ መንገዱን እንደ ሀ ሁ ያውቀዋል። ደላላውንም ያውቀዋል፤ «ጥሩ ልጅ ነው» ይሉታል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በሕገወጥ መንገድ ማሻገርን በእስራት ይቀጣል። ልጆቹ ግን ደላላውን የሚያዩት እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን እንደ ትኬት ቆራጭ ነው።

ለእንዲህ ያለው ፍለጋው ሌላ ነው። ትንሽ ልጅ ሲጠፋ ዙሪያውን ትፈልጋለህ፤ ጓዳ፣ ቱቦ፣ ጎረቤት፣ መስጊድ፣ ገበያ። ትልቅ ልጅ ሲሄድ መጀመሪያ ጓደኞቹን ነው የምትይዘው፣ ያውም ወላጅ ሳይኖር። ሦስት ጓደኞቹን ሻይ ቤት ይዤ ቁጭ አልኩ። ሁለቱ አላየንም አሉ። ሦስተኛው ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ እየቆረሰ «እኔንም ብሎኝ ነበር» አለ። ሰዓቱንና የጭነት መኪናውን ዓይነት ነገረኝ። በመንገዱ ላሉ ፖሊሶችና ለምናውቃቸው ሰዎች ደወልን። እስከ ማታ ምንም።

ታኅሣሥ 2

የበጎ ፈቃደኞች ሥልጠና። አሥራ አንድ ሰው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ አለን፤ አንዷ ትግርኛና ጉራጊኛ ትችላለች። ድሬ በዚህ አትታማም።

ሕጎቻችን እንዲህ ናቸው። ከረሜላ አንሰጥም። ከማታውቀው ሰው ከረሜላ አትቀበል ብለን አስተምረን፣ ራሳችን በከረሜላ ብንቀበለው ምን ይባላል? ውኃ፣ ዳቦ፣ ብርድ ልብስ ይበቃል። አንድ ሰው ብቻውን ከልጅ ጋር አይቀመጥም፤ ሁልጊዜ ሁለት። ልጅ ማንም ቤት አያድርም። ቤተሰቡ ካልመጣ በፖሊስ በኩል ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ነው የሚተላለፈው። ሊወስደው ለመጣ ሰው ከማስረከባችን በፊት የወላጁን ስልክ ራሳችን እንደውላለን። መታወቂያው ይጻፋል። የቤት ስሙን እኛ አንናገርም፤ እሱ ይናገር።

ጋሼ የምንላቸው አንድ የድሮ የባቡር ሠራተኛ አሉን። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ ድሬ ይቅር ብለው ድርቅ አሉ። ወረቀት ማብዛት ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ለምን እንደሆነ ነገሩን። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው። በማግሥቱ እሳቸው የጎረቤታቸውን ልጆች ፍለጋ ተፈናቃይ ካረፈበት ወደ ሌላው ሲዞሩ ዋሉ። «እየሄድኩ ፊት ነው የማየው፤ ዝርዝር የያዘ ሰው አልነበረም» አሉ። ልጆቹ በሁለተኛው ቀን ተገኙ። የመጀመሪያ ቀን ያለፏቸው አንድ ግድግዳ ለይቷቸው ነው።

ሁለት ቅጂ ይሁን ብለን ጻፍን።

ታኅሣሥ 6

አሜሪካ ያለ የድሬ ልጅ ደወለ። «አቦ፣ ለምን አምበር አለርት አታስጀምሩም?» አለ፤ ልጅ ሲጠለፍ በየሰው ስልክ የሚለቀቀውን የአሜሪካ ማስጠንቀቂያ ማለቱ ነው። ቅንነቱ ያስደስታል። ታሪኩን ስለማውቀው ግን አረጋጋሁት። በፈረንጆቹ 1996 ቴክሳስ፣ አርሊንግተን ውስጥ ብስክሌት ላይ ሳለች የተወሰደችና ተገድላ የተገኘች አምበር ሄገርማን የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ናት የስሙ መነሻ። ማስጠንቀቂያው ግን እዚያም ለጠፋ ልጅ ሁሉ አይለቀቅም። ፖሊስ ልጁ መጠለፉን ማመን አለበት፤ አደጋ ላይ መሆኑን፤ የሚነገርም ምልክት መኖር አለበት፣ መኪና ወይም ሰው። እናቱን ለሳተ ሕፃን ሁሉ ስልክ ቢያስጮኽ ሰው ስልኩን አጥፍቶ ይተኛ ነበር።

እኛ ያለን የባጃጅ ሹፌሮች ናቸው። አንድ ልጅ አሸዋ ገበያ ቢጠፋ ለአምስት ሹፌር ከደወልኩ ወሬው ታይዋን ገበያ ድረስ በሩብ ሰዓት ይደርሳል።

ፌስቡክ ላይ ፎቶ መለጠፍን ከፖሊስና ከወላጅ ፈቃድ ውጪ አቁመናል። አንዲት ልጅ አለች፤ ከተገኘች ሁለት ዓመት ሆናት። ፎቶዋ ግን እስከ ዛሬ «አፋላጉን» እየተባለ ይዞራል። አሁን ክፍሏ ውስጥ «የጠፋችው» ነው ስሟ። ያንን የለጠፍነው እኛ ነን።

ታኅሣሥ 11

ያ የ15 ዓመት ልጅ ወሬው የለም። እናቱ በየጠዋቱ ቢሮ ትመጣለች። ዛሬ ዝም ብላ ከመቀመጥ ሪባን ትቆርጥልን ጀመር።

ታኅሣሥ 18

ማታ። ቁልቢ። ከድሬ በሸሚዝ ወጥቼ አሁን በሁለት ጋቢ ነው የምጽፈው። ድንኳኑ ከሰንበት ተማሪዎቹ ማስታወቂያ ቦታ አጠገብ ቆመ። ሰው እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ድንጋይ የተሸከመ፣ ጃንጥላ የያዘ፣ ጧፍ ያቀፈ፣ የስለት ልጁን አዝሎ በባዶ እግሩ የመጣ። ሪባን የማሰር ሰልፉ ከሻይ ሰልፉ ይረዝማል። ማርከር አለቀብን፤ ወረዳው ከተማ ድረስ ሰው ላክን።

የነምበር ዋኗ እናት አብራን መጥታለች። ለገብርኤል ተስላለች።

ታኅሣሥ 19

ለንግሥ ሲወጣ ነው ግፊያው የሚብሰው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ልጅ መጣልን። አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ሪባን የለውም። በአማርኛ ጠየቅን፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ። ዝም። አያለቅስም እንኳ፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። በድምፅ ማጉያ «ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ወንድ ልጅ፣ እናቱ ወደ ድንኳኑ ትምጣ» ስንል አርባ ደቂቃ ሄደ።

ጋሼ ምንም አልጠየቁትም። አጠገቡ ተቀመጡና ጫማውን አዩ። «ይሄ ጫማ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል እኮ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

«አባዬ ነው ያደረገልኝ» አለ ልጁ።

ተያየን። ሜጋፎኑን የያዘችው ልጅ ሮጠች። «ቢጫ ኮፍያ፣ አባቱ! አባቱ ይምጣ!» አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሰውየው ላቡ በብርድ እየተንቆረቆረ መጣ። መታወቂያ አየን። የቤት ስሙን ራሱ ተናገረ፤ ልጁም ቀና አለ። ድሬ ላለችው እናት ደወልን፣ እሷም አረጋገጠች። ከዚያ ብቻ ነው የፈረመው።

«ማስታወቂያውን አልሰማህም?» አልኩት።

«ሰምቼ ነበር። እናቱን ሲጠሩ የሌላ ሰው ልጅ መሰለኝ። እናቱ ድሬ ናት።»

አርባ ደቂቃ ሙሉ የሌለች ሴት ስንጠራ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማስታወቂያችን «ይዞት የመጣ ሰው» ነው የሚለው። በቀረው ቀን የመጡት ሪባን ያሰሩ ስለነበሩ ቶሎ ቶሎ ሄዱ። አንዷ ልጅ እናቷ ስትመጣ ብርድ ልብሱን አልለቅም ብላ ይዛው ሄደች። ሒሳብ ሠራተኛችን በየትኛው መስመር እንደምትጽፈው እንጃ።

ታኅሣሥ 21

ድሬ። እንቅልፍ። ቬንትሌተሩ ሳልመታው ዞረ።

ታኅሣሥ 23

ለሐምሌ 19 የሚያስፈልገው፦ ሁለት እጥፍ ሪባን፣ ሦስት ማርከር ሳይሆን አንድ ፓኮ፣ የዝናብ ሸራ። ደብዳቤው ደግሞ ከሰኔ ይጀመር።

ከሰዓት በኋላ የነምበር ዋኗ እናት እየሮጠች መጣች። ስልኳን ዘረጋችልኝ። 253 ብሎ የሚጀምር ቁጥር፣ የጅቡቲ ነው። አርባ ሰከንድ ብቻ። «‹ደኅና ነኝ እማዬ› አለኝ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ስልኩን ተቀበለውና ተቋረጠ።» ሌላው ሰው ምን አለ? ምንም። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እሷም እኔም ገብቶናል። ገንዘብ ሳትልኪ መጀመሪያ ለእኔ፣ ከዚያ ለፖሊስ አልኳት። ቁጥሩን አብረን ይዘን ሄድን።

ስንመለስ መዝገቡን ከፈትኩ። «የተገኘበት ቦታ» በሚለው ላይ እስክሪብቶዬን አሳረፍኩና መልሼ አነሣሁት። «ጅቡቲ ብለሽ ጻፊው» አለችኝ። እርሳስ ፈልጌ ጻፍኩት።